ቮልሷ፣ ሄደሩና የዘይቱ ሙቀት

ጥቅምት 4

ሥራው ከተጀመረ ቆይቷል፤ መጻፍ የጀመርኩት ግን ዛሬ ነው። ትናንት ማታ እዚሁ ጎንደር ከአዘዞ ተነስቼ ፒያሳ ደረስኩና መኪና እስኪያልፍ ቆምኩ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲዞር ቀዩ የዘይት ግፊት መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ጠፋ። ስለቀው ተመልሶ መጣ። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ግፊቱም ይወርዳል።

መኪናዋ የ1969 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ቮልስ ናት። ከኋላ ያለው ሞተሯ 1500 ሲሲ ነው። የአባቴ ነበረች። ነሐሴ ላይ ማርሚታዋ በዝገት ተበልቶ ወደቀ። ያኔ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ሄደር በ11,000 ብር አስመጣሁ። አራቱን የጭስ ቱቦ ኋላ ላይ አንድ የሚያደርግ ዓይነት ነው። ሂተር ቦክሶቹም (በጭሱ ሙቀት የመኪናዋን ውስጥ የሚያሞቁት ሳጥኖች) በስብሰው ስለነበር አወጣኋቸውና በቦታቸው ባዶ ቱቦ ገባ። ድምጿ ጎርነን አለ፣ ዳገት ላይም ጉልበት አገኘች። ደስ ብሎኝ ነበር። ዘይቱን ግን አላየሁትም።

ቮልስ ውኃ የላትም። የምትቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ ያው ፋን ነው፤ የሚገፋው አየር ግን ቀላል ነው። በዚህ ላይ የዚህ ሞዴል ኦይል ኩለር (ዘይት ማቀዝቀዣ) የተቀመጠው ፋኑ ቤት ውስጥ፣ ከ3ኛው ሲሊንደር ፊት ነው። ወደ 3ኛው ሲሊንደር የሚሄደው አየር መጀመሪያ የዘይቱን ሙቀት ተሸክሞ ነው የሚደርሰው። ፋብሪካው ይህን ያስተካከለው ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ኩለሩን ወደ ጎን አውጥቶ ነው። የእኔዋ ከዚያ በፊት የተሠራች ናት።

ሐሳቤ ተጨማሪ ኦይል ኩለር ከውጭ መግጠም ነው።

ጥቅምት 11

መለካት ጀመርኩ። በ2,300 ብር የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ገዛሁ፣ እንደ ሽጉጥ የሚያዘውን። መጀመሪያ ያነበብኩት ቁጥር 71 ዲግሪ ነበር፤ ያን ያህል ዳገት ወጥታ 71 ሊሆን አይችልም። ችግሩ ከታች ያለው የዘይት መውረጃ ክዳን የሚያብረቀርቅ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ አሳንሶ ያነባል። ክዳኑን በቤንዚን አጸዳሁና የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቦታ ብርሃን የማይመልስ ጥቁር ቀለም ቀባሁ። ከዚያ በኋላ የማነበው ሁልጊዜ እዚያችው ነጥብ ላይ ነው።

መንገዱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከአዘዞ ተነስቶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ እስከ ጎሃ ተራራ አናት። ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ገደማ፣ ሁለት ሰው ተጭኖ፣ ዳገቱን በ2ኛ ማርሽ። እንደቆምኩ ሞተሩን ሳላጠፋ እለካለሁ።

ውጤት፦ 121 ዲግሪ። ማርሚታው ሳይወድቅ ሐምሌ ላይ በዘንግ ቴርሞሜትር የለካሁት 104 ነበር። አለካኩ ቢለያይም 17 ዲግሪ ከመለኪያ ስህተት በላይ ነው።

በ1,800 ብር የግፊት ጌጅም ገጠምኩ፤ ከመብራቱ ሴንሰር ጋር በቲ ቅርጽ ማገናኛ አገናኝቼ። ሲሞቅ በሚኒሞ 5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ)። መብራቱ የሚያስጠነቅቀው በትክክል ነው።

ጥቅምት 20

ዕቃው መጣ። ባለ 10 ረድፍ የአሉሚኒየም ኩለር 9,200 ብር። የዘይት ፖምፓ ከነልዩ ክዳኑ 8,500 ብር። ይህ ክዳን ሁለት ቀዳዳ አለው። ዘይቱ ከፖምፓው በአንዱ ይወጣል፣ ኩለሩን ዞሮ በሌላው ይመለሳል። ሞተሩን አውርዶ ክራንክኬዙን (የሞተሩን ዋና አካል) መብሳት አያስፈልግም። የመረጥኩትም ለዚህ ነው። የቮልስ ክራንክኬዝ ማግኒዚየም ነው፤ የብሎን ጥርስ ሲወጣለት ቢሰነጠቅ ሞተሩ ሄደ ማለት ነው።

ጥቅምት 25

ዕቃውን ይዤ ወደ ሽማግሌው መካኒክ ሄድኩ። አባቴም መኪናዋን የሚያሠራው እሳቸው ጋ ነበር። ዛሬ ጋራዥ የላቸውም፤ ግቢያቸው ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ይሠራሉ። ኩለሩን አሳየኋቸውና «አንቱ ምን ይላሉ?» አልኳቸው። ኩለሩን ዘወር ብለውም አላዩት። ኮፋኖውን ከፍተው ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ፋኑ ቤት በግራ በኩል ከታች አስገቡ።

«ልጄ፣ ና እጅህን እዚህ አድርግ።»

አደረግሁ። ሞተሩ እየሠራ ነው። ቀዝቃዛ ነፋስ መዳፌን ገፋው። እንደ ፀጉር ማድረቂያ ኃይለኛ ነው። በቀኝ በኩልም ያው።

ፋኑ ቤት ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ ወደ ሂተር ቦክስ አየር የሚልኩ ሁለት አፎች አሉ። ሂተር ቦክሶቹን ሳወጣ ቱቦዎቹንም አውጥቼ አፎቹን ክፍት ትቻቸዋለሁ። ለሲሊንደሮቹ የሚገባው አየር በነዚያ ሁለት ቀዳዳ እየወጣ ሜዳ ላይ ሲበተን ነው የከረመው። ሁለት ወር ሙሉ!

ሌላም አሳዩኝ። በሞተሩ ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያ ግማሹ የለም። ሄደሩ በሚያልፍበት የኋላ ላሜራ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ክፍት ናቸው። ስለዚህ ሄደሩ ያጋለው አየር ወደ ላይ ወጥቶ፣ ፋኑ መልሶ ይስበዋል።

«መጀመሪያ ንፋሱን ያዝ። ዘይቱን ኋላ ታበርደዋለህ» አሉኝ። ለምክሩ ገንዘብ አልተቀበሉም።

ኅዳር 2

ቅዳሜን ሙሉ ማሸግ ነበር። ሁለቱን አፍ በ1 ሚሊ ላሜራ ቆርጬ፣ ጠርዙን አጥፌ፣ በብሎን አሰርኳቸው። መጀመሪያ በጨርቅና በቴፕ ልደፍነው ነበር፤ ጨርቁ ወደ ውስጥ ቢወድቅ ግን ሲሊንደሩ ላይ ነው የሚያርፈው። የጎማ ማሸጊያውን ከአሮጌ የመኪና በር ጎማ ቆርጬ አወጣሁ። ሙቀት አይወድም፣ ለጊዜው ግን ይሠራል። የኋላውን ላሜራ ቀዳዳዎችም ደፈንኩ። ወጪ 1,450 ብር።

ኅዳር 3፣ ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት፦ 110 ዲግሪ።

ኩለሩን ሳልገጥም 11 ዲግሪ ወረደ። ተመልሼ ለካሁ፣ 111። ግፊቱ በሚኒሞ 9። መብራቱ አልበራም።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ከተማ ውስጥ ብቻ ብነዳት አቆም ነበር። ግን ቆላ ድባና ጎርጎራ ዘመድ አለን፤ ለጥምቀት እናቴን ይዤ መመላለሴ አይቀርም። ከጣና ዳር ወደ ላይ ሲመለሱ ፀሐዩም ዳገቱም አለ። 110 ለዚያ ጠባብ ነው። ስለዚህ ሥራው ይቀጥላል።

ኅዳር 9

ፖምፓውን ገጠምኩ። ፖምፓው ያለው ከኋላ፣ ከፑሌጃው (ከቺንጊያው መዘውር) በታች ነው። ፑሌጃውን ማውለቅ፣ ከፖምፓው ፊት ያለውን ላሜራ ማንሳት፣ አሮጌውን ፖምፓ ቀስ አድርጎ መሳብ። እስከዚህ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ሄደሩ አልመለስ አለ። አዲሱ ክዳን ከአሮጌው ወደ ኋላ ወፍራም ነው። ላዩ ላይ ሁለት ጎሚቶ (የታጠፈ የቱቦ ማገናኛ) ሲታከልበት በትክክል የሄደሩ ቱቦ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ደረሰ። ዳዶዎቹን በ13 ቁልፍ ስስባቸው ሄደሩ ተጠጋ፣ ጎሚቶው ላይ ተደገፈ።

ክፍተቱን ለማወቅ ከእናቴ ቡሆ ላይ ትንሽ ሊጥ ወሰድኩ። አድቦልቡዬ በክዳኑና በቱቦው መካከል ለጠፍኩት፣ ሄደሩን አሰርኩ፣ መልሼ ፈታሁ። በጎሚቶው በኩል ሊጡ ተቆርጧል፤ ይነካል ማለት ነው። በክዳኑ በኩል የሊጡ ውፍረት 3 ሚሊ። ሄደሩ ከሞተሩ ጋር ስለታሰረ አብሮ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ በዚያ በኩል ችግር የለም። ችግሩ ሙቀቱ ነው። ይህ ቱቦ ከዳገት በኋላ 300 ዲግሪ አልፎ ለክቼዋለሁ። ዘይት ለማቀዝቀዝ ወጥቼ የዘይት ፖምፓዬን ምድጃ ላይ መጣዴ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ክዳኑን በግራይንደር አሳሳው አለኝ። እምቢ አልኩ። ያ ክዳን የፖምፓውን ጥርሶች ከኋላ የሚዘጋው ነው፤ ከሳሳ ይጣመማል፣ ግፊት ያመልጣል። መቆረጥ ያለበት ሄደሩ ነው።

ኅዳር 16

ሄደሩን ወደ በያጅ ወሰድኩ። ከፑሌጃው በታች የሚያልፈውን ቱቦ ቆርጦ በ2 ሳንቲም ወደ ታችና ወደ ኋላ ማውጣት ነው። የመጀመሪያው በያጅ በኤሌክትሮድ ነካው። የቱቦው ግድግዳ 1 ተኩል ሚሊ ብቻ ስለሆነ ቀዳዳ አወጣ። ቀዳዳውን ሲሞላ ሌላ ቀዳዳ ወጣ። 500 ብር ከፍዬ ይዤው ሄድኩ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። የውኃ ታንከርና የበር ብረት ነው ሥራው፤ ስስ ቱቦ የለመደው አይደለም። እኔ ነኝ አስቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝ።

በማግሥቱ በኦክስጅን የሚበይድ አገኘሁ። የመጀመሪያውን ብየዳ ሙሉ በሙሉ በሴጌቶ አስወጣ። ከአሮጌ ማርሚታ ላይ የቱቦ ቁራጭ አምጥቶ ተካው። ሄደሩን ሞተሩ ላይ አስረን፣ በቦታው ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያዘው፤ ከዚያ ፈትተን ሞርሳ ላይ ጨረሰው። ቱቦ የሚበይድ ሰው ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ! ጠረጴዛ ላይ ብቻ ከተበየደ ፍላንጁ (ቱቦው በብሎን የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ጫፍ) ተጣሞ አልገጥም ይላል።

እግረ መንገዴን ሌላ ነገር አሠራሁ። የፋብሪካው ማርሚታ ትንሽ ትኩስ ጭስ ወደ ኢንቴክ ማኒፎልዱ ልኮ ካርቡራተሩ ሥር ያለውን ቱቦ ያሞቅ ነበር። ሄደሩ ይህ መውጫ የለውም። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት እየተንተፋተፈች የምትነሳው። ትንሽ ፍላንጅ በየደልኝ። ሁሉም ተደምሮ 1,300 ብር። ዛሬ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል አስነሳኋት፤ ጨዋ ሆናለች።

ሊጡ አሁን 18 ሚሊ ይላል።

ኅዳር 23

ይህን ቀን በዝርዝር እጽፈዋለሁ፤ ማንም እንዳይደግመው።

ኩለሩን ከኋላ ፓራውልት በላይ፣ በሄደሩ በስተግራ ሰቀልኩት። አጭር ቱቦ ስለሚበቃው ነው። ቱቦውን ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። «ለዘይት ነው» ተባልኩ። ጥቁር፣ ክር ያለው ጎማ። ከአራት ፋሼታ ጋር 1,150 ብር። ቱቦው ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። የግፊት ልኩም የሙቀት ልኩም አልተጻፈበትም። ያኔ ነበር መተው የነበረብኝ።

ኩለሩን በዘይት ሞላሁ። የኮይሉን ገመድ ነቅዬ በስታርተር ብቻ አዞርኳት፣ መብራቱ እስኪጠፋ። ከዚያ አስነሳሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ብርድ ነው። ዘይቱ 20ደብሊው50፣ እንደ ማር የወፈረ። ጌጁ 90 ላይ ወጣ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየች። ምንም አልፈሰሰም። ነዳጅ ትንሽ ረገጥኩ።

ጧ አለ። ቱቦው ከኒፕሉ ተንሸራትቶ ወጣ። ዘይቱ በቀጥታ ሄደሩ ላይ ተረጨ። ሄደሩ ገና ብዙ አልሞቀም፤ ግን ዘይቱ እንደነካው ጨሰ። ነጭ፣ ወፍራም ጭስ ነው። ወጥ የተቃጠለ ድስት የሚመስል ሽታ ነበረው። ቀዩ መብራት በራ። ቁልፉን አጠፋሁ። አራት ወይም አምስት ሴኮንድ ቢሆን ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ከሊትር በላይ ዘይት መሬት ላይ ነበር።

እሳት አልተነሳም። እግዚአብሔር ይመስገን። አጠገቤ አሸዋ በባልዲ አስቀምጬ ነበር፤ አልደረስኩበትም። ከዳገት ተመልሳ ሄደሩ ግሎ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው። ማግኒዚየም እሳት ከያዘ በውኃ አይጠፋም፤ ይብሳል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቮልስ የራሷ የግፊት ማስተንፈሻ አላት። ዘይቱ ሲቀዘቅዝና ሲወፍር ከፍቶ ትርፉን ወደ ታች ይመልሳል። የፋብሪካው ኩለርም በዚህ ይድናል። ይህ የፖምፓ ክዳን ግን ዘይቱን የሚያወጣው ማስተንፈሻው ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ስለዚህ የጠዋቱን ግፊት በሙሉ፣ ምንም ሳይቀነስለት፣ የሚችለው ቱቦው ነው። ፋሼታ ለዚህ አይሆንም።

ቀሪውን ዘይት አወጣሁ፣ በነጭ ጨርቅ አጠለልኩት። የብረት ብናኝ የለም። ሞተሩ ተርፏል። አንድ ጋሎን ዘይት፣ 3,400 ብር፣ የፈሰሰው ፈስሶ የቀረው ቆሽሾ ከንቱ ቀረ።

ታኅሣሥ 1

ገልባጭ መኪናና ሎደር ካለ የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚጨምቅ ሰው አለ። አዘዞ መንገድ ላይ አገኘሁ። የግማሽ ኢንች ቱቦ፣ አንድ ድር የብረት ሽቦ ያለው። ላዩ ላይ ተጽፏል፦ የሚችለው ግፊት 160 ባር። ለእኛ ከበቂ በላይ ነው። የሚችለው ሙቀት ግን 100 ዲግሪ። ይህቺን ቁጥር ደብተሬ ላይ በትልቁ ጻፍኳት። ኩለሩ በትክክል ካልሠራና ዘይቱ 110 ላይ ከቆየ ይህ ቱቦም ከጊዜ ጋር ይደርቃል።

ጥርሱ ላይ አንድ ሰዓት ፈጀን። የኩለሩ አፍ ውጭው 22 ሚሊ ይላል በካሊፐር። ልጁ የ22 ሚሊ ዳዶ ያለው ጫፍ አመጣ። ሁለት ዙር ገባና ጠጠረ። ቁልፍ ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። አሉሚኒየም ነው፤ ከተገፋ ጥርሱ ይላጫል። የጥርስ መለኪያ ጠየቅን። የእሱ ዳዶ በየ1 ተኩል ሚሊው አንድ ጥርስ አለው። የኩለሩ ግን በአንድ ኢንች 14 ጥርስ፣ 7/8 ኢንች። 22.2 ሚሊ ነው፤ በካሊፐር ከ22 ጋር ይመሳሰላል። አፉም 37 ዲግሪ ኮን ነው። ልጁ ኮኑን ሲያይ ገባው። «ይሄማ የሎደር ነው፣ ጄአይሲ ነው» (የሃይድሮሊክ ማገናኛ ዓይነት ነው) አለና ከመሳቢያው አወጣ። በጣት እስከ መጨረሻው ገባ።

በክዳኑ በኩል ያለው ጥርስ ደግሞ ሌላ ስለሆነ ሁለት ማገናኛ ቶርኖ ቤት አስወጣሁ። 900 ብር። ሁለቱ ቱቦ ከነጫፋቸው 5,600።

ታኅሣሥ 8

ቱቦዎቹ ያዙ። በጠዋት ብርድ አስነሳሁ፣ ነዳጅም ረገጥኩ፣ ጌጁ 90 ላይ ወጣ፣ ምንም ጠብ አላለም። ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ወደ ጎሃ።

116 ዲግሪ።

ከ110 ወደ 116 ጨመረ ማለት ነው። ኩለሩን ገጥሜ ዘይቱ ሞቀ። ወርጄ ኩለሩን ራሱን ለካሁ። ፊቱ ወደ ሄደሩ ያለው ጎን ከጀርባው በ20 ዲግሪ ይበልጣል። እጄን ጠጋ አድርጌ ያዝኩት፤ የሚመጣው ንፋስ ሳይሆን የሄደሩ ወበቅ ነው። የሞተሩን ሲሊንደሮች ያቀዘቀዘው አየርም በዚያው በኩል ነው የሚወጣው። ኩለር አይደለም የሰቀልኩት፤ ማሞቂያ ነው። የቱቦ ርዝመት ለመቆጠብ ብዬ ያደረግሁት ነው።

ታኅሣሥ 15 እና 16

ኩለሩን ወደ ፊት ወሰድኩት። ካምቢዮው ጎን፣ ከወለሉ በታች፣ ዘንበል አድርጌ። እዚያ የሚደርሰው ንጹሕ የመንገድ አየር ነው። ከሥሩ የድንጋይ መከላከያ ወንፊት አደረግሁ፤ ከወፍጮ ቤት የተጣለ ወንፊት ነው።

እንደ ዕድል ሆኖ ቱቦዎቹን ስጠይቅ እያንዳንዳቸውን 1 ሜትር ከ30 አድርጌ ነበር ያስቆረጥኩት፤ ኋላ ጠቅልዬ አስሬያቸው ነበር። አሁን በቁ። መንገዳቸው ከክዳኑ ወደ ግራ፣ ከሄደሩ ውጪ ዞሮ፣ ከአክስሉ በላይ አልፎ ወደ ካምቢዮው ነው። ሁለት አደገኛ ቦታ አለ።

አንዱ አክስሉ ነው። ቮልስ ጉድጓድ ስትገባ የኋላ አክስሏ ብዙ ይወጣል ይወርዳል። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ጎማው ተንጠልጥሎ ለካሁ። አወረድኳት፣ ሦስት ሰው ከኋላ አስቀመጥኩ፣ እንደገና ለካሁ። ቱቦው አክስሉ ከፍ ሲል 6 ሳንቲም ይቀረዋል። ያሰርኩት ቻሲው ላይ ነው፤ አክስሉ ላይ አይደለም።

ሁለተኛው የ4ኛው ሲሊንደር የሄደር ቱቦ ነው። ዘይት ተሸካሚው በ4 ሳንቲም ርቀት ያልፋል። ከዚያ ማራቅ አልቻልኩም። ሄደሩን በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ልጠቀልለው አሰብኩና ተውኩት። የእኔ ሄደር ተራ ብረት ነው። ጨርቁ የክረምቱን ውኃ ይዞ ይቆያል፣ ከሥሩ ያዝገዋል። በምትኩ በሁለቱ መካከል ላሜራ አቆምኩ። ላሜራው ከሄደሩም ከቱቦውም አይነካም፤ በሁለቱም በኩል አየር ያልፋል። ቱቦው ራሱ ላይ የመስታወት ክር ሽፋን አለበስኩት። ከጎሃ መልስ ላሜራው በሄደር በኩል 190፣ ከጀርባው ያለው የቱቦ ሽፋን 84።

ዘይቱ 92 ዲግሪ። ሦስት ቀን በተከታታይ፦ 92፣ 93፣ 91። በሚኒሞ 16 ፒኤስአይ።

ሞተሯ ከነኩለሩ አሁን 3 ሊትር ከ200 ገደማ ዘይት ትይዛለች። በፊት 2 ሊትር ተኩል ነበር። ሞልቼ፣ አስነስቼ፣ አጥፍቼ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቄ በዘንጉ እያየሁ ነው የጨመርኩት።

ታኅሣሥ 24

አዲስ ችግር። የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ከውስጥ እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፏል። ውኃ ከዘይት ጋር ሲመታ የሚሆነው ነው። ቮልስ ራዲያተር ስለሌላት ውኃው ከሌላ አልመጣም፤ የሞተሩ እርጥበት ነው። ዘይቱ በደንብ ሲሞቅ ይተንና ይወጣል። አሁን ግን አይሞቅም። ጠዋት ከቤት ሥራ ቦታ 4 ኪሎ ሜትር ነው። ስደርስ ለካሁ፦ 58። ከተማ ውስጥ ግማሽ ቀን ዞሬ፦ 68።

ያው የፖምፓው ክዳን ነገር ነው። ዘይቱ ቀዘቀዘም ሞቀም ሁልጊዜ በኩለሩ ይዞራል። ትክክለኛው መፍትሔ የዘይት ቴርሞስታት ነው፤ ከ80 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ብቻ ወደ ኩለሩ የሚለቅ። ጎንደር አላገኘሁም። አዲስ አበባ ያለ ወንድሜን እንዲፈልግልኝ ነግሬዋለሁ።

እስከዚያው ለኩለሩ የላሜራ መዝጊያ ሠራሁ። ከፊቱ በሁለት የቢራቢሮ ዳዶ የሚታሰር፣ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ። የሲኖ ሹፌሮች በብርድ ራዲያተር ፊት ካርቶን የሚያደርጉት ዓይነት ነው። ከተማ ውስጥ ተዘግቶ 82 ዲግሪ ደረሰ። በሳምንቱ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈትኩ፤ ነጩ ነገር ጠፍቷል።

ጥር 4

ጎርጎራ ደርሰን ተመለስን። በአዘዞና በቆላ ድባ። እናቴ ፊት፣ ሁለት የአክስቴ ልጆች ኋላ። መዝጊያውን አውልቄ ነው የወጣሁት። ጣና ዳር ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙቀቱ ይሰማል። ዓሣ በልተን በ8 ሰዓት ተነሳን፤ ፀሐዩ ገና ነበር። ቆላ ድባን አልፈን ሽቅብ ስንጀምር በየ10 ኪሎ ሜትሩ ቆሜ ለካሁ። 88፣ 93፣ 97። አዘዞ ስንደርስ 96። መቶ አላለፈም። መብራቱ በመንገዱ ሁሉ አልበራም።

እናቴ በየመቆሚያው መውረዴን አይታ «ደግሞ ምን ሆነች?» ትላለች። ምንም አልሆነችም እላታለሁ። አራተኛው ላይ መጠየቅ ተወች፣ ቴርሞሜትሩን ከኮሮጆው አውጥታ ታቀብለኝ ጀመር።

ወጪውን ዛሬ ደመርኩት። ከሄደሩ ውጪ 39,500 ብር። መለኪያዎቹንም ዘይቱንም ጨምሮ ነው። ከዚህ ውስጥ 5,050 በስህተት የሄደ ነው፦ የመጀመሪያው ቱቦ፣ የፈሰሰው ዘይት፣ የመጀመሪያው ብየዳ። ማሸጊያው በ1,450 ብር 11 ዲግሪ አወረደ። ኩለሩ ከነጣጣው 18።

ጥር 14

ከጥምቀት በኋላ ሥሯ ገባሁ። በከተራና በበዓሉ ሰሞን ሰው ጭኜ ብዙ በዝግታ ነድቻለሁ፤ ሕዝቡ እስኪያልፍ ቆሞ መጠበቅ ነው። ኩለሩ ጋ የሚደርሰው ንፋስ የለም። የለካሁት ከፍተኛው 99 ነው። ከዚህ በላይ እንዳይሄድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፋን ልጨምርበት አስባለሁ፤ ከተጣለ የኮምፒውተር ሰርቨር የወጣ ባለ 12 ቮልት አይቻለሁ። ከመግዛቴ በፊት ጭቃና አቧራ የሚችል መሆኑን ማየት አለብኝ።

ቱቦዎቹን በጣቴ እየዳበስኩ ተከተልኳቸው። ደረቅ ናቸው። አክስሉ ጋ ሽፋኑ ላይ የተፋቀ ምልክት የለም። አንዱ የላሜራ ማሰሪያ ብሎን ሩብ ዙር ላልቶ ነበር፤ ሮንዴላ ጨምሬ አጠበቅሁት። የሄደሩ ብየዳ ላይ አዲስ ስንጥቅ የለም። 3ኛው ሲሊንደር ጋ ያለው የፍላንጅ ጓርኒሲዮን ግን ጥቁር አፍ አውጥቷል፤ ጭስ ያመልጣል። እሱን ቅዳሜ እቀይረዋለሁ።

ወንድሜ ትናንት ደወለ። ቴርሞስታቱን አግኝቷል፣ 80 ዲግሪ የተጻፈበት። ጥርሱን በካሊፐር ብቻ እንዳይለካ፣ የጥርስ መለኪያ ይዞ ተመልሶ እንዲሄድ ነገርኩት።